ያለ ዕጣቸው የተሰጡ ፖስታዎች

በየማለዳው፣ የመስኮት ቁጥር ሦስትን መከለያ ወደ ላይ ከመግፋቷ በፊት፣ የቀን ማኅተሟን ታነሣለች። ትንንሾቹን ጥርሶች በአውራ ጣቷ ጥፍር እያዞረች ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ታስተካክላለች፤ ከዚያም ቀለም አስነክታ ግራ እጇ ጀርባ ላይ ጠቅ ታደርገዋለች። በወረቀት መሞከር ትችል ነበር፤ ፍርድ ቤት ወረቀት አይቸግርም። ግን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ማኅተሙን ሳታዞር ዐሥራ አራት ማመልከቻ በትናንት ቀን መትታ የወረደባትን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ ዕለቱን ቆዳዋ ላይ ታትሞ ካላየች አታምንም። ማታ በሳሙና ትፈትገዋለች፤ ሐምራዊ ጥላው ግን አይለቅም። ባለቤቷ፣ ወገቡን ታሞ ከአውቶቡስ ጋራዥ ቀድሞ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ እጇን እያየ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ካላንደር?» ይላታል።

ጠበቆቹ «እትዬ ቀጠሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት መጥሪያ አድራሹ ነው። እሱም በተራው፣ ሞተር ሳይክሉን ሲያከንፍ ጃኬቱ ከኋላው ስለሚነፋ «ንፋሱ» ይባላል። ንፋሱ የተከሳሾችን ቤት እየፈለገ በራቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋል። በወረቀቷ ላይ የመዝገብ ቁጥርና «መስኮት ሦስት ይምጡ» የሚል ቃል አለ። ተከሳሹ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ መጥሪያውን በፖስታ ከእትዬ ቀጠሮ እጅ ይቀበላል። የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ የቤት፣ የውል፣ የአጥር፣ የውርስ። እጁ በካቴና ታስሮ የሚመጣ የለም። የሚመጣው ግራ የገባው ሰው ነው።

እትዬ ቀጠሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መስታወት ላይ በተቀደደችው የግማሽ ጨረቃ ቀዳዳ በኩል ሰው አይታለች። ማን ጠበቃ እንዳለው፣ ማን ትናንት ማታ እንዳልተኛ፣ ማን ደግሞ ፖስታውን ወስዶ ሳይከፍት አልጋ ሥር እንደሚከተው ከእጅ አያያዙ አውቃለሁ ትላለች። «እኔ ሰው አይቼ አልሳሳትም» ነው አባባሏ። ማንም ተከራክሯት አያውቅም።

አንድ ሰኞ ሬጅስትራሩ፣ ማለትም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ቢሮው ጠራትና ትልቅ ቦርሳ ካነገበች ቀጭን ልጅ ጋር አስተዋወቃት። ልጅቱ ተመራማሪ ናት። መጥሪያቸውን ከወሰዱ ዐሥር ሰዎች ስድስቱ በቀጠሯቸው ቀን ችሎት ፊት አይቀርቡም፤ ሳይሰሙ ይፈረድባቸዋል። ለምን እንደሆነ ያጠና የለም። ዳኞቹን ብትጠይቅ «ንቀት ነው» ይላሉ፤ ጠበቆቹን ብትጠይቅ «ጥፋታቸውን ስለሚያውቁ ነው» ይላሉ። ተመራማሪዋ ግን ስድሳ ቤት አንኳኩታ የቀሩትን ራሳቸውን ጠይቃለች። ብዙዎቹ ደብዳቤውን ገና አላነበቡም፤ ያነበቡትም ምን እንደሚል አልገባቸውም።

አለመግባቱ አይገርምም። አሮጌው መጥሪያ ገጹን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አራት የአንቀጽ ቁጥር በመካከሉ፣ «የሚታይ መሆኑን እንገልጻለን» በመጨረሻው። ተመራማሪዋ ከሁለት ዳኞች ጋር ሆና አዲስ ጽፋለች። በትልልቅ ፊደል «ተከሰዋል» ይላል ከላይ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ በር ይምጡ። ካልመጡ ሳይሰሙ ይፈረድብዎታል።» ከሥሩ የሕንፃው ንድፍና ይዘው የሚመጡት ነገር ዝርዝር አለ። ማንበብ የሚያዳግተው ሰው ደውሎ የሚያስነብብበት ስልክ ቁጥርም፣ ከስልክ ሥዕል ጋር፣ በጉልህ ታትሟል።

«እትዬ፣ እርስዎ የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች ተመራማሪዋ። «መዝገቦቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለዋል። ዝርዝሩ "ሀ" ካለ አሮጌውን ይሰጣሉ፣ "ለ" ካለ አዲሱን።»

«ለዚህማ ሃያ ሁለት ዓመት መሥራት አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም። የሚከብደው አለመምረጡ ነው።»

«ቆይ እስቲ ልጄ። አዲሱ ጥሩ ከሆነ ለምን ለሁሉም አትሰጡም?»

«ጥሩ መሆኑን አናውቅማ። ጥሩ ይመስለናል እንጂ።»

«እኔ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው።»

ተመራማሪዋ ፈገግ አለች። «እርስዎ አሮጌውንም ይረዱታል፣ እትዬ። ዕጣው ይምረጥ። እኛ ከመረጥን መጨረሻ ላይ የምንለካው ደብዳቤውን ሳይሆን የራሳችንን ዓይን ነው።»

እትዬ ቀጠሮ ራሷን ነቀነቀች። የገባት መስሏትም ነበር። በሆዷ ግን «የኔ ዓይን ምን ሆነና!» አለች።

ዐሥር ቀን በሥርዓቱ ሠራች። በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ ሽማግሌ የጭነት ተሸካሚ መጣ። ትከሻው በአንድ ወገን ዘምሟል፤ ስሙን ስትጠይቀው ሁለት ጊዜ አቤት አለ። ዝርዝሩን አየች፤ «ሀ» ነው። አሮጌውን ፖስታ አነሣች። ሽማግሌው በመስታወቱ በኩል እጁን ዘርግቶ፣ ዳቦ እንደሚሰጠው ሰው መዳፉን ገልብጦ ይጠብቃል። አንጀቷን በላት። ግራ ቀኝ አይታ አሮጌውን መለሰችና አዲሱን አስጨበጠችው። «ስልኩ ይኸው አባቴ፤ ለሰው ያስነብቡት፣ እሺ?»

ችግሩ የማታው ቆጠራ ነው። ንፋሱ በየምሽቱ የቀሩትን ፖስታዎች ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ከአዲሱ አንድ ጎድሎ ከአሮጌው አንድ ቢተርፍ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት የፈረመ አንድ ጎረምሳ ሲመጣ፣ ዕጣው «ለ» ቢሆንም አሮጌውን ሰጠችው። «ለዚህስ ጠበቃው ያነብለታል» አለች ለራሷ። ማታ ቆጠራው ልክ መጣ። ንፋሱ «እጅሽ እኮ ሚዛን ነው» አላት። ቀለል ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ሕፃን ያዘለች ስትመጣ፣ ክራንች የያዘ ሲመጣ፣ ጣቷን ለአሻራ አስቀድማ ያዘጋጀች ስትመጣ አዲሱን ትሰጣለች። ለዚያ ማካካሻ ደግሞ የተወለወለ ጫማ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የተቆጣ ፊት ትፈልጋለች። አንድ ነገር ግን አላስቻላትም። ሳይመዘገብ የተሠራ ሥራ ለእሷ እንዳልተሠራ ነው። እናም የለወጠቻቸውን ሁሉ፣ የመዝገብ ቁጥራቸውን፣ ቀኑን፣ ማን ለማን እንደተካካሰ ጭምር፣ መሳቢያዋ ውስጥ በምታስቀምጠው ደብተር የኋላ ገጾች ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፏ አሰፈረች።

በሰባተኛው ወር ጥናቱ አበቃና ውጤቱ የሚነገርበት ስብሰባ ተጠራ። ዳኞቹ ከፊት፣ ጸሐፊዎቹና አድራሾቹ ከኋላ ተቀመጡ። ተመራማሪዋ ቆማ ቁጥሩን አነበበች። አሮጌው ከወጣላቸው ሁለት መቶ ስድስት ተከሳሾች የቀረቡት ዘጠና ሰባት፤ አዲሱ ከወጣላቸው ሁለት መቶ ስድስት የቀረቡት አንድ መቶ ሦስት። ድምፅዋ ወደ መጨረሻው እየሰለለ ሄደ።

«ስድስት ሰው?» አለ ሬጅስትራሩ። «ስድስት ሰውማ ዝናብ ከዘነበም ይቀራል!»

ሰው ሳቀ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ደብዳቤውን አብሮ የጻፈው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ኮሚቴው ተሰብስቦ እንደሚወስን ተናገሩ፤ በዚህ ቁጥር ከሆነ ግን አዲሱ ደብዳቤ ቀርቶ አሮጌው እንደሚቀጥል ከወዲሁ ግልጽ ነው አሉ። ከዚያ ሬጅስትራሩ ተነሣ። «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሰባት ወር አንዲት ፖስታ ያልጎደለባት ሠራተኛ አለችን» ብሎ ስሟን ጠራ። እውነተኛ ስሟን። ተጨበጨበ። ባለ መስታወት ክፈፍ የምስጋና ወረቀት ሰጧት። ተመራማሪዋም ታጨበጭብ ነበር።

እትዬ ቀጠሮ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

በአውቶቡስ ስትመለስ ምስጋናውን ጉልበቷ ላይ በፊቱ ደፋችው። «ሰባ አንድ ፖስታ ከአራት መቶ ውስጥ ምን ያመጣል?» ትላለች። «ሰባ አንድና ሰባ አንድ» ይላታል ሌላው ልቧ። ደሞ ትደምረዋለች፣ ደሞ ትተወዋለች። ቤት ስትገባ ባለቤቷ ከእጇ ነጠቀና «ቆይ፣ ሚስማር የት ነበር?» እያለ፣ ያን የታመመ ወገቡን ይዞ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። ዜና ለማየት ቀና ባለች ቁጥር ስሟን ታነባለች።

የኮሚቴው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ሴትዮዋ የመጣችው።

ግራጫ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ቁልፎቹ የሚያብረቀርቁ ኮት ለብሳለች። እትዬ ቀጠሮ ኮቱን ቀድማ አወቀችው፤ ፊቷን ቆይታ። ሴትዮዋ በቀዳዳው በኩል የአፈጻጸም ትእዛዝ አስገባች፤ ሱቋን በዐሥር ቀን ውስጥ ለቅቃ እንድትወጣ ይላል።

«ይህ ወረቀት ከየት መጣ?» አለች ሴትዮዋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «በር ላይ ለጥፈውት አገኘሁ። ጎረቤት አንብቦልኝ ነው።»

«ተከሰው ነበር እኮ። በቀጠሮዎ ቀን ስላልቀረቡ ተፈረደ።»

«መቼ?»

«መጥሪያ ወስደዋል። ይኸው ፊርማዎ።»

ሴትዮዋ ፊርማውን ትኩር ብላ አየችው፤ ክብ ነገርና አንድ ጭረት ነው። «ያ ወረቀት ነው? እኔ የግብር መስሎኝ ነበር። ለሒሳብ የሚረዳኝ ልጅ ሲመጣ ላሳየው ብዬ አስቀመጥኩት፤ ልጁም ቀረ።» ከዚያ እጇን ከኮቱ ውስጥ ከትታ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። «ውል አለኝ እኮ። ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አከራዩ ራሱ ፈርሞበታል። ይኸው፣ ሣጥኔ ውስጥ ነበር።»

እትዬ ቀጠሮ ውሉን አነበበችው። ልክ ነው፤ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ይህን ወረቀት ይዛ አንድ ጠዋት ችሎት ብትቆም ኖሮ ክሱ ግማሽ ሰዓት አይቆይም ነበር።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች፣ ሌላ የምትለው ስታጣ።

«ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ።» ሴትዮዋ እትዬ ቀጠሮ ኮቱን እንደምታየው አስተዋለችና አንገቷን ሰበረች። «የኔ አይደለም። ደንበኛ ትቶት ሄዶ ነው። መንግሥት ቤት ሲመጣ በሽርጥ አይመጣም ብዬ…»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እትዬ ቀጠሮ መከለያውን አወረደች። ሰልፈኛው «ምሳ ሰዓት ገና ነው!» እያለ መስታወቱን ቢደበድብም አልሰማችም። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥታ በጣቷ ወደ ታች ወረደች። ቁጥር ሃምሳ ስምንት። ዕጣ «ለ»፤ የተሰጠው «ሀ»። ከአጠገቡ፣ በራሷ ንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ «ባለ ኮቷ» ይላል።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቷ ነገረችው። ወጡ ቀዘቀዘ።

«እና አሁን ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

«ልንገራቸው።»

«ሰው እየራራ ይባረራል እንዴ? ዝም በይ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ሁለት ዓመት ዝም ማለት ያቅትሻል? ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሻል።»

«መቼ ነው እኔ ዝም ያልኩት?»

«እሱስ እውነትሽን ነው።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እዪኝማ። ስልኳን ፈልገሽ ሴትዮዋን እርጃት። ለደብዳቤው ግን አንቺ ምን አገባሽ? የዳኞች ነገር ነው።»

«ሐሙስ ይሰርዙታል። በእኔ ምክንያት። ይሠራ እንደሁ ሳያውቁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «የሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰው ሁሉ ያንን አሮጌ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እኔ እየሰጠሁት።»

ባለቤቷ ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ «እሱን አውርጄ ልስጥሽ?» አላት።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሯን በጋዜጣ ጠቅልላ ደረጃውን ወጣች። ተመራማሪዋ የምትሠራው ቀድሞ የፎቶ ኮፒ ክፍል በነበረው ጠባብ ቤት ነው። ወረቀቶቿን በካርቶን እያሸገች ነበር።

«እትዬ! ሊሰናበቱኝ ነው?»

እትዬ ቀጠሮ የተዘጋጀችበትን ሁሉ ረሳችው። ደብተሩን ከኋላ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የለወጥኳቸው ናቸው።»

ተመራማሪዋ አንድ ገጽ አነበበች። ገለጠች። ሌላ አነበበች። በመጨረሻ አንዱ ካርቶን ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ስንት ናቸው?»

«ሰባ አንድ አዲሱን የሰጠኋቸው። ሰባ አንድ ደግሞ የነፈግኋቸው።»

«ለምን እትዬ?»

«አንጀቴን በሉኝ።»

«ሰባቱን ወር ሙሉ?»

ተመራማሪዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ታለቅሳለች ወይ ትስቃለች ማለት ያስቸግራል። እትዬ ቀጠሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ብትጮኽብኝ፣ ብትሰድበኝ ትላለች በልቧ፤ ልጅቱ ግን አልጮኸችም። ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ተመለሰችና «ይቀመጡ» አለች። «እንቁጠር።»

ቆጠሩ። አንዷ ከደብተሩ ቁጥር ትጠራለች፣ አንዷ ከችሎት መዝገቡ ቀረበ አልቀረበም ትላለች። ያለ ዕጣቸው አዲሱን ካገኙት ሰባ አንድ ሰዎች አርባ ስድስቱ ቀርበዋል። ያ ሽማግሌ ተሸካሚም ቀርቧል። እትዬ ቀጠሮን ደስታ ቢጤ ሽው አላት፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች። አዲሱን ከተነፈጉት ሰባ አንድ ሰዎች ግን የቀረቡት ሃያ ሰባት ናቸው።

«አይሆንም። እነዚህ እኮ የሚያውቁ ናቸው» አለች። «ጠበቃ ያላቸው፣ የተማሩ… አይቼ እኮ ነው የመረጥኳቸው።»

«ከቀሩት አርባ አራት ውስጥ ጠበቃ የነበራቸው ስንት ናቸው?»

መዝገቦቹን አንድ በአንድ አዩ። ሦስት ናቸው። ስልኩን ጆሮው ላይ የለጠፈው ጎረምሳ ጠበቃ አልነበረውም። ያን ቀን ያወራ የነበረው ከማን ጋር እንደሆነ ማን ያውቃል።

«ዓይንዎ ከሰው የከፋ ሆኖ አይደለም እትዬ» አለች ተመራማሪዋ በቀስታ። «የማንም ዓይን እንደዚሁ ነው። የኔም። ለዚህ ነው ዕጣ ያስፈለገን።»

ይህ ከስድብ በላይ ቆረጣት። ሃያ ሁለት ዓመት ያ ዓይን ነበር ኩራቷ። አሁን በዚያ መስኮት ያለፉ ሰዎችን ስታስብ፣ ለማን ደግ ፊት እንዳሳየች፣ ማንን በእጇ ምልክት ብቻ እንደሸኘች፣ አንድም ጊዜ ልክ ስለመሆኗ እርግጠኛ መሆን አቃታት።

«እንግዲያው ደብዳቤው ይሠራል ማለት ነው?»

«የሚሠራ ይመስላል። ግን ማን ምን እንደሚወስድ የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ ይህን ይዤ ይሠራል ማለት አልችልም። አይሠራምም ማለት አይቻልም። እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ሰው አሮጌውን ይወስዳል።»

ሐሙስ አምስት ዳኞች ፊት ቆመች። ስንትና ስንት ሰው ወደ ችሎት ስትልክ ኖራ ራሷ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ማን አዘዘሽ?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ማንም።»

«ጥቅም ተቀብለሻል?»

«የለም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

ጫማዋን አየች። ጫማዋ መልስ አልሰጣትም። ፕሬዚዳንቱ ትንሽ ጠብቀው «ተቀመጪ» አሏት።

ኮሚቴው አዲሱን ደብዳቤ አልሰረዘውም። ጥናቱ እንዲደገም ወሰነ፤ በዚህ ጊዜ ፖስታዎቹ ስማቸው ተጽፎባቸው፣ ታሽገው ከሌላ ሕንፃ እንዲመጡና በመስኮቱ የሚቀመጠው ሰው ውስጣቸውን እንዳያውቅ። እሷ አልተባረረችም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከመስኮት ሦስት ወደ ምድር ቤት፣ ወደተዘጉ መዝገቦች ክፍል ተዛወረች። ምስጋናውን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትመልስ ሬጅስትራሩ ተቀብሎ የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው፤ በመጨረሻ ከፋይል ሣጥኑ ጀርባ ወሸቀው። ንፋሱ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ሊያጽናናት ሞከረ። «እዚህ እንኳ የሚያሳዝንሽ ሰው የለም። ሁሉም ወረቀት ነው» አላት። ሳቀች፤ እሱ ሲወጣ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልብስ አጣቢዋን ቤቷ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። የተፈረደው እንዲነሣ የሚጠይቀውን ማመልከቻ ራሷ ጻፈችላት። የመስኮት ሠራተኛዋ ጥፋት በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ስለነበር ዳኛው ፍርዱን አነሡት። ነገር ግን ያ እስኪሆን ሁለት ወር አልፏል፤ ሱቁ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሌላ ሰው ገብቷል። አከራዩ ከጓሮ በኩል መስኮት የሌለው ክፍል ሰጣትና ተስማማች። እንፋሎቱ የሚወጣበት የለም፤ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ሆኖም እትዬ ቀጠሮን ባገኘቻት ቁጥር ሁለት እጇን ይዛ ታመሰግናታለች። ምርቃቱ አያልቅም። እትዬ ቀጠሮ ከዚያ ምርቃት የምትሸሽበት አጥታ በሌላ መንገድ መሄድ ጀምራለች።

ተመራማሪዋ ሪፖርቷን ከማስገባቷ በፊት ረቂቁን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። የሌላ ሰው ስሕተት የሚጻፍ ከሆነ ያ ሰው ቀድሞ ማንበብ አለበት አለች። እትዬ ቀጠሮ መነጽሯን አድርጋ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተቀምጣ፣ ሁሉንም አነበበች። ስሟ የለም፤ «የመስኮት ሠራተኛዋ» ነው የሚላት። ርኅራኄዋ አለ። ሰባ አንዱና ሰባ አንዱ አለ። ደብተሩ፣ ሃያ ሰባቱ፣ ሦስቱ ጠበቆች፣ ባለ ኮቷ፣ ጎርፍ የመሰለው የራስ መተማመኗ ሳይቀር አለ። አንድም ቃል አልተከራከረችም።

«ሁሉንም ጻፊው» አለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ነገር ግን ደብቄሻለሁ። ልንገርሽ፤ እሱን ብቻ አትጻፊው።»

ተመራማሪዋ ሰምታ ብዕሯን ዘጋች፤ ነገሩ በሪፖርቱም ውስጥ የለም።

መጥሪያ በወሰደች ዕለት ባለ ኮቷ ፖስታውን ተቀብላ ወዲያው አልሄደችም ነበር። እዚያው መስታወቱ ሥር ከፈተችው፤ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ገለበጠችው፣ መልሳም አቀናችው። ከዚያ በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ፣ ከኋላዋ ያሉት እንዳይሰሙ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ምንድን ነው የሚለው?» አለቻት። ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እትዬ ቀጠሮ ግን የሚያብረቀርቁትን ቁልፎች አየች፤ ሰልፉንም አየች፤ እናም ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ «ይህን የመሰለ ኮት ለብሰው ማንበብ አቃተኝ ይላሉ? ቀጣይ!» አለች። ሰልፈኛው ሳቀ። ሴትዮዋም አብራቸው ሳቀች፤ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀች።